ምን ነበረበት?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ለሚለው አባባል ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ሩቅ ሳይሄድ ሃይላንድን ይመልከት። ሃይላንድ መጀመሪያ የአንድ የታሸገ ውሃ የንግድ ስም ነበር። ውሎ አድሮ ስሙ ከውሃው ተላቀቀና ወደ ዕቃው ዞረ። ዛሬ የታሸገ ውሃ ስሙ ብዙ ነው። ጠጥተን ስንጨርሰው ግን ሁሉም ሃይላንድ ነው። ሙሉው የባለፋብሪካው ነው፤ ባዶው የሕዝብ ነው። ሕዝብ ደግሞ ለራሱ ንብረት ስም የሚያወጣው ራሱ ነው።

የዛሬው ነገሬ ስለ ባዶው ነው። ለፋብሪካው የዚያ ፕላስቲክ ዕድሜ የሚያበቃው የመጨረሻዋ ጠብታ ስታልቅ ነው። ለእኛ ግን ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። በጅማ መንገድ ወደ ወልቂጤ፣ ወይም በቡኢ በኩል ወደ ቡታጅራ የተጓዘ ሰው ይህን ለማወቅ ገበያ መውጣት አያስፈልገውም። መኪናው ገና ፍጥነቱን ቀነስ ሲያደርግ ሕፃናት ከመንገዱ ዳር ብቅ ይሉና «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። አንዱ ተሳፋሪ በመስኮት ይወረውርላቸዋል። በመስቀል ሰሞን፣ የጉራጌ ልጅ ከያለበት ወደ አገር ቤት ሲተም፣ የሚወረወረውም የሚለቀመውም ይበዛል።

ከዚያ በኋላ ያ ዕቃ የማይገባበት ቤት የለም። ማር ይቀዳበታል። የምግብ ዘይት በችርቻሮ ይሸጥበታል። አረቄ ይሞላበታል። ወተት ለጎረቤት ይላክበታል። ጫት ሲቃም ውሃ ይቀርብበታል፤ ተማሪ ውሃውን ይዞ ትምህርት ቤት ይሄድበታል። ጠበልም ይቀዳበታል፣ ከመካ የመጣ ዘምዘምም ይካፈሉበታል፤ በዚህ በኩል ሃይላንድ ሃይማኖት አይለይም። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ችግሩ ሌላም ነገር አለመለየቱ ነው። ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል የሚሆነው ቤንዚን በመንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠው በእሱ ነው። ላምባው በእሱ ነው፣ በረኪናው በእሱ ነው፣ የቀለም ማቅጠኛው በእሱ ነው፣ ለበርበሬውና ለጫቱ የሚረጨው የተባይ መድኃኒትም በእሱ ነው።

ቡታጅራ ውስጥ አንዲት ሱቅ ደጃፍ ቆሜ፣ መደርደሪያው ላይ የተሰለፉትን ሃይላንዶች ሳይ ባለቤቲቱን መጠየቄ አልቀረም።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘይት ነው።»

«ይሄስ?»

«እሱ በረኪና ነው። ለልብስ ከፈለግህ አለልህ።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱ...» አሉና ትንሽ አሰቡ። ከዚያ አወረዱት፤ ክዳኑን ፈታ አድርገው አሸተቱት። «ላምባ ነው፣ ወንድሜ» አሉ በእርግጠኝነት።

እኚህ ሴትዮ ቸልተኛ አይደሉም። ዕቃቸውን የሚያውቁ፣ ሱቃቸውን በሥርዓት የያዙ ናቸው። ግን ልብ በሉልኝ፤ በገዛ እጃቸው የሞሉትን ዕቃ ለማወቅ አፍንጫቸውን መጠየቅ ነበረባቸው። ሕፃን ደግሞ ሲጠማው አያሸትም። ሕፃን ይጠጣል።

ስለ ሃይላንድ አደጋ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሌላ ነገር ነው። «ፕላስቲኩ ካንሰር ያመጣል»፣ «ሁለተኛ ከተጠቀምክበት መርዝ ይሆናል» ይባላል። እውነቱን ከፍርሃቱ መለየት ደግ ነው። ሃይላንድ የሚሠራው ፔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር የተጻፈበት። ብዙ የሚወራበት ቢፒኤ የተባለ ኬሚካል በፔት ውስጥ የለም። እሱ የሚገኘው በጠንካራው ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ ቢሮ ውስጥ በምናያቸው በብዙዎቹ ባለ 20 ሊትር የውሃ ዕቃዎች ነው። ፔት ሲሠራ የሚጠቀሙበት አንቲሞኒ የሚባል ማዕድን አለ፤ ከፕላስቲኩ ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ይሄዳል። የሚሄደው መጠን ግን በተለመደው የአየር ጠባይ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ በሊትር 20 ማይክሮግራም፣ በጣም ያነሰ ነው። ነገሩን የሚያባብሰው ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አሪዞና ውስጥ የወጣ ጥናት፣ ውሃው በ60 ዲግሪ ሙቀት ቢቀመጥ የአሜሪካን ጥብቅ ጣሪያ ለማለፍ 176 ቀን እንደሚፈጅበት፣ በ80 ዲግሪ ግን ሁለት ቀን ከምናምን እንደሚበቃው አሳይቷል። ትኩስ ሻይ ወይም የፈላ ወተት ሃይላንድ ውስጥ ስንጨምር ዕቃው ጭምድድ የሚለው በከንቱ አይደለም። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» እያለን ነው።

አዲሱ ብቻ ንጹሕ ነው ብለን እንዳንጽናና ደግሞ፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጥ የታሸገ ውሃ በአንድ ሊትር በአማካይ 240,000 ያህል ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት አግኝተዋል። ይህ ለሰው ጤና ምን እንደሚያደርግ ሳይንስ ገና እየመረመረ ነው። ስለዚህ ፕላስቲኩን መፍራት ካለብን ከመጀመሪያው ጉንጭ ጀምሮ ነው እንጂ ከሁለተኛው አይደለም።

ከኬሚካሉ ይልቅ ቅርብ ያለው ጠላት ጀርም ነው። የሃይላንድ አንገት ጠባብ ነው፤ እጅ አይገባበትም። ሙቅ ውሃ አይችልም። ስለዚህ እናቶቻችን ጠጠርና አሸዋ ጨምረው፣ ወይም ሳሙና ከሩዝ ጋር አድርገው ይንጡታል። ዘዴው የሚደነቅ ነው። ግን ጠጠሩ ውስጡን ይጭረዋል፤ ጭረቱ ደግሞ ለጀርም ምቹ ጎጆ ነው። ክዳኑ ጥርስ ሥር የሚቀረው ወተት፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ምራቅ፣ ፀሐይ ላይ የሚውለው የስኳር ውሃ፣ ሁሉም የሆድ ሕመም መንገድ ነው። ይህ ግን የምንሸከመው አደጋ ነው። እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ ሲያረጅ እንጥላለን። ጉዳቱም በአብዛኛው የሚደርሰው በተጠቃሚው በራሱ ላይ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው። የላምባው፣ የበረኪናው፣ የተባይ መድኃኒቱ። በመጠጥ ዕቃ የተቀመጠ ላምባ በብዙ ድሃ አገሮች ሕፃናትን ከሚመርዙት ነገሮች በግንባር ቀደምነት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ላምባ የጠጣ ልጅ ዋና አደጋው ያለው ከሆዱ ይልቅ ሳንባው ላይ ነው። ፈሳሹ ቀጭን ስለሆነ ሲውጠው ወይም ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሾልኮ ይገባል፤ ሳንባውን ያቆስለዋል። ለዚህ ነው ሐኪሞች «እንዳታስመልሱት» የሚሉት። በረኪናም እንደዚያው ነው፤ ሲወርድ ጉሮሮ ያቆሰለውን መልሶ በዚያው መንገድ ማሳለፍ ሁለተኛ ማቁሰል ነው። ወተት ማጋት፣ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ልጁን አያድነውም። የሚሻለው ዕቃውን ከነቀሪው ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን ነበረበት?»

የተባይ መድኃኒቱ ደግሞ የባሰ ነው። ማላታይንን የመሳሰሉት ኬሚካሎች ነርቭን ነው የሚይዙት፤ ምራቅ ያዝረከርካሉ፣ የዓይን ብሌን ያጠባሉ፣ በመጨረሻም ትንፋሽ ይነሳሉ። እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያግዛቸዋል። የተባይ «መድኃኒት»፣ የአይጥ «መድኃኒት»፣ የቁንጫ «መድኃኒት» እንላለን። መርዙን መድኃኒት ብለን ጠርተን በውሃ ዕቃ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ማንበብ የማይችለው ሕፃን ዕቃውን አይቶ ውሃ ነው ይላል። መስማት የሚችለው ሕፃን ደግሞ መድኃኒት ነው ሲባል ሰምቷል። ታዲያ ይህ ልጅ ሲጠጣ ማን አሳሳተው?

ጥያቄው የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ውሸት በአፍ ብቻ የሚነገር ይመስለናል። ዕቃም ይናገራል። የጀበና ቅርጽ «ቡና» ይላል። የእንስራ ቅርጽ «ውሃ» ይላል። ሃይላንድም ይናገራል፤ ግልጽ ሰውነቱ፣ ለአፍ የተመጠነው አንገቱ፣ ለእጅ የተመቸው ወገቡ፣ ሁሉም የሚለው «ጠጣኝ» ነው። ፋብሪካው ያንን ቃል እንዲናገር አድርጎ ነው የቀረጸው። በዚያ ዕቃ ውስጥ ቤንዚን የሚሞላ ሰው አንድም ቃል ሳይተነፍስ ዋሽቷል። ማንንም ለመጉዳት አስቦ አይደለም። ምናልባት ዕቃ አጥቶ ነው። ግን ሳያስብ የተናገረው ውሸት ሰሚውን ከማሳሳት አይመለስም።

በዓለም ላይ ከደረሱት እንዲህ ካሉ ስህተቶች አንዱ የኢራቁ ነው። በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1971) ኢራቅ ለገበሬዎቿ የስንዴና የገብስ ዘር ከውጭ አስመጣች። ዘሩ እንዳይሻግት በሜርኩሪ ኬሚካል የታሸ ነበር፤ ለመለያም ቀይ ቀለም ተቀብቷል። በከረጢቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነው። ገበሬው ዐረብኛ ወይም ኩርድኛ ነው የሚናገረው። ድርቅ ነበር፤ ረሃብ ነበር። አንዳንዶች ዘሩን ሲያጥቡት ቀይ ቀለሙ ለቀቀላቸው፤ መርዙም አብሮ የወጣ መስሏቸው ዳቦ ጋገሩት። ከ6,500 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ 459ኙ እዚያው መሞታቸው ተመዝግቧል።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ተቀባዩ የማያነበው ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ለፊደል ያልደረሰ ሕፃን ቤት ውስጥ እያለ ሃይላንድ ላይ «በረኪና» ብሎ በእስክሪብቶ መጻፍ ከምንም ይሻላል፤ ግን ግማሽ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ሲለቅ መርዙ ለቀቀ ማለት አይደለም። እኛም «አጥቤዋለሁ፣ ሽታው ጠፍቷል» እንላለን። ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ አይደለም፤ ቤንዚንና የተባይ መድኃኒት ወደ ግድግዳው ይሰርጋሉ። በኋላ ውሃ ሲሞላበት ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ጀርመንን በመሳሰሉ አገሮች ወፈር ያለ የፔት ጠርሙስ ከደንበኛው ተሰብስቦ፣ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። ፋብሪካዎቹ ታዲያ ሳሙናቸውን ብቻ አላመኑም። «አሸታች» የሚባል መሣሪያ አቁመዋል። እያንዳንዱ ባዶ ጠርሙስ በመሣሪያው ሥር ሲያልፍ፣ ሰውየው ቤቱ ቤንዚን ወይም ማቅጠኛ አስቀምጦበት ከነበር መሣሪያው ያውቅና ከሰልፉ ያስወጣዋል። የቡታጅራዋ ባለሱቅ በአፍንጫቸው የሚሠሩትን ሥራ ጀርመን በማሽን ይሠራዋል ማለት ነው። ሁለቱም የሚጠይቁት ያንኑ ነው። ምን ነበረበት?

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላሉ አባቶች። ተረቱ ስለ ሰው ነው የሚነገረው፤ ስለ ዕቃም ግን እውነት ነው። የነቃ ብርሌ ራሱን ያጋልጣል። ስንጥቁ ይታያል፤ ጠጁ ይንጠባጠባል። ማንም ሰው በነቃ ብርሌ እንግዳ አያስተናግድም። የሃይላንድ ጉድ መንቃቱ አለመታየቱ ነው። ትናንት መርዝ የያዘውና ትናንት ምንጭ ውሃ የያዘው ጎን ለጎን ቢቆሙ መንታ ናቸው።

የድሮ ዕቃዎቻችን እንዲህ አልነበሩም። ወተት የሚታለብበት ዕቃ የወተት ነው፤ በወይራ ይታጠናል፤ ሌላ ነገር አይነካውም። ጋኑ የጠላ ነው። እንስራው የውሃ ነው። ቅሉ እንኳ ቅቤ ከያዘ የቅቤ ቅል ተብሎ ይኖራል። ዕቃ ስም ነበረው፣ ሥራ ነበረው፣ ክብር ነበረው። በእርግጥ ድሮንም ከሚገባው በላይ ማመስገን አይገባም። ላምባ በአምቦ ውሃና በቢራ ጠርሙስ ይሸጥ እንደነበር የማያስታውስ ማን አለ? ግን ጠርሙስ ዋጋ ነበረው። ባዶ ጠርሙስ ሳይይዝ ለስላሳ ሊገዛ የሄደ ልጅ መያዣ ተጠይቆ ወይም ተመልሶ ይመጣል። ጠርሙሱ የሚመለስበት ቤት ነበረው። ሃይላንድ የሚመለስበት ቤት የለውም። ባለቤት የሌለው ዕቃ ደግሞ ታሪኩን የሚጠብቅለት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይመጣል፤ መምጣትም አለበት። «አንተ በጽሑፍ ትራቀቃለህ። ድሃው ምን ያድርግ? ዕቃ መግዣ የለውም። ፈረንጅ 'ሪሳይክል' ሲለው ስልጣኔ ነው፤ የእኛ እናት ስታደርገው ድንቁርና ሆነ?»

ተቃውሞው ልክ ነው። ቁጠባ በጎ ምግባር ነው። በአንድ ሃይላንድ አሥር ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሕዝብ ሊሰደብ አይገባም። ውሃ በሌለበትም ስለ ውሃ ዕቃ ንጽሕና መስበክ ያሳፍራል። የካቲት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ነዋሪዎች የመጠጥ ውሃ ጥያቄ ይዘው አደባባይ ወጥተው ነበር። በዚያ ቀን በጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ቢያንስ 3 ሰዎች መሞታቸውን፣ ብዙዎች መቁሰላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። ውሃ በቧንቧ የማይመጣለት ሰው ውሃ ያገኘ ዕለት ባለው ዕቃ ሁሉ ይቀዳል፤ በጀሪካን፣ በባልዲ፣ በሃይላንድ። በዚያ ሰዓት «ምን ነበረበት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ይህ ጥያቄ የግለሰብ ብቻ አይደለም። ቧንቧው ሲደርቅ ከተማው ሁሉ አጠራጣሪ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ሕዝቡን ከመምከር በፊት ውሃውን ማምጣት የሚገባው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ግን ተቃውሞው አንድ ነገር ይረሳል። ቁጠባ በጎ የሚሆነው ቆጣቢው ራሱ ሲሸከመው ነው። አሮጌ ጫማ ጠግኜ ብለብስ የሚጎረብጠኝ እኔን ነው። ሃይላንዴን አጥቤ ውሃ ብጠጣበት ሆዴን የሚያመኝ እኔን ነው። ላምባ ሞልቼበት አልጋ ሥር ባስቀምጠው ግን ያተረፍኩት የዕቃ ዋጋ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ደካማው ነው። ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን፣ ዓይኗ የደከመ አያት፣ በሌሊት ጠምቶት በዳበሳ የሚፈልግ እንግዳ፣ ከቁራሌው ገዝታ ወተት የምትሞላበት የማላውቃት ሴት። ከድህነት የሚመጣ ቸልተኝነት የሚያጠፋው ሌላውን ድሃ ነው። «ድሃ ነኝ» የሚለው ምክንያት ለራሴ ይበቃል፤ ለጎረቤቴ ልጅ ግን አይበቃም።

ፈላስፎች ስለ ኃላፊነት ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት በፊታችን የቆመውን ሰው ነው። የተራበውን፣ የወደቀውን። የሃይላንድ ነገር ከባድ የሚሆነው ባለመብቱ በፊታችን ስለማይቆም ነው። ከእኔ በኋላ የሚጠጣው ሰው ዛሬ የለም። ፊቱን አላውቀውም። ምናልባት ገና አልተወለደም። እኔና እሱን የሚያገናኘን አንድ ባዶ ዕቃ ብቻ ነው። በዚያ ዕቃ ውስጥ የምተውለት ነገር ለማላውቀው ሰው ያለኝ ክብር ልክ ነው።

በመስኮት የሚወረወረውም እንደዚሁ መታየት አለበት። ለሚሮጠው ልጅ ባዶ ዕቃ መወርወር ልግስና ይመስላል። ልጁም ይደሰታል። ግን በሚበር መኪና መካከል ልጅ ማስሮጥ ምን ዓይነት ስጦታ ነው? መስጠት ካስፈለገ መኪናውን አቁሞ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ በእጅ መስጠት ይቻላል። ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ ነው። እኛ የጣልነውን አንሥቶ የሚሄድ ልጅ ቆሻሻ ለቃሚ አይደለም፤ የቤቱን ዕቃ እየገዛ ነው፣ በሩጫ።

ቡታጅራ፣ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው፣ በሕክምና ተመራማሪዎች ዘንድ ስሟ ከአገር ውጭ ሳይቀር የታወቀ ነው። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡመዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልደትና ሞትን ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። ሰው ሲሞት መዝጋቢው ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ሐኪም ያላየው ሞት ምክንያቱ በጥያቄ ይፈለጋል፦ ከመሞቱ በፊት ምን ሆነ? ስንት ቀን ታመመ? ምን ይሰማው ነበር? በገጠር ያለ ሕፃን ሞት ሳይቆጠር እንዳያልፍ የተደረገው ይህ ጥረት ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ምኞት ትንሽ ናት። ያ ጥያቄ ከሞት በኋላ በመዝጋቢ ከሚጠየቅ፣ ከመጠጣት በፊት በቤተሰብ ቢጠየቅ።

ደግሞ አይቻልም አይባልም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላምባ ለሚጠቀሙ ቤተሰቦች ሕፃን የማይከፍተው ክዳን ያለው ዕቃ ሲታደል፣ በአካባቢው ላምባ የሚጠጡ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ዕቃ ብቻ ነው የተቀየረው። እኛ ዘንድ ክዳኑ እስኪመጣ ድረስ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ላምባና በረኪና የሚቀመጥበት ዕቃ የመጠጥ መልክ የሌለው ይሁን፤ የሞተር ዘይት ጀሪካን ቢሆን እንኳ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ምንም ቢሆን ከወለልና ከአልጋ ሥር ተነሥቶ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይስቀል። ሦስተኛ፣ መርዝ የያዘ ሃይላንድ ሥራው ሲያበቃ ለቁራሌው አይሰጥ፣ ወደ መንገድም አይጣል። በቢላዋ ይበሳ። የተበሳ ሃይላንድ የነቃ ብርሌ ነው፤ ማንም አይቀዳበትም። ሻጮችም ድርሻ አላቸው። በመጠጥ ዕቃ የተባይ መድኃኒት ቀድቶ የሚሸጥ ነጋዴ «ደንበኛው ነው ዕቃውን ያመጣው» ብሎ መገላገል የለበትም፤ የሚሸጠውን የሚያውቀው እሱ ነውና።

ይኸው ዕቃ ሕይወትም ያድናል። ቤይሩት ውስጥ በተጀመረና በኋላ ስዊዘርላንዶች ባስፋፉት ምርምር፣ ጥርት ያለ ውሃ በንጹሕና ባልተጫረ ሃይላንድ ሞልቶ ጠራራ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት ማዋል ተቅማጥ የሚያመጡትን አብዛኞቹን ጀርሞች እንደሚገድል ተረጋግጧል። ሰማዩ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ማገዶ አይጠይቅም፣ መድኃኒት አይጠይቅም። ቧንቧ ለደረቀበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ዕቃው ከውሃ በቀር ሌላ ነገር ነክቶት የማያውቅ መሆኑን። ፀሐይ ጀርም ይገድላል፤ ላምባን ግን ውሃ አያደርገውም።

በድሮው ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት ከጠጁ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። ሥርዓቱ የተሠራው መርዝ ለሚፈሩ ትላልቅ ሰዎች ነው። ትርጉሙ ግን ለሁሉም ይሆናል፤ «የማቀርብልህን አውቀዋለሁ፣ እኔም እጠጣዋለሁ» ማለት ነው። ዛሬ በየቤታችን ለሕፃን ውሃ የምናቀርብ ሁሉ አሳላፊዎች ነን። ዕቃውን ለሌላ ሰው የምናሳልፍ ደግሞ ይበልጡን ነን። ከእኛ በኋላ የሚጠጣው ሰው «ምን ነበረበት?» ብሎ ሊጠይቀን አይችልም፤ አያውቀንም። ስለዚህ ጥያቄውን ቀድመን ራሳችን ልንመልስለት ይገባል። መልሱን በአፋችን ልንነግረው ስለማንችል፣ ያለን አማራጭ በዕቃው መንገር ነው። ንጹሕ ከሆነ ንጹሕ እንዲሆን ጠብቀን፣ ካልሆነ ደግሞ በስተን።